ከባህር ዳር ላሊበላ፦ ሃያዋ ደቂቃ የት ገባች?

እማዬ ለገና ላሊበላ መሄድ አሰበች። በልጅነቷ ከጋይንት ተነስታ በእግሯ ሄዳለች። አሁን ግን ጉልበቷ መኪና ላይ ብዙ መቀመጥን እንኳ አይችልም፤ ያብጣል። ስለዚህ ከባህር ዳር በአውሮፕላን ይሁን ተባለ። አብሬያት ልሄድ ለሁለታችንም ትኬት ቆርጬ ገባሁ።

መነጽሯን አድርጋ ትኬቱን አገላበጠችው።

"ስንት ይፈጃል?"

"40 ደቂቃ።"

"ርቀቱስ?"

"185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።"

"አውሮፕላኑ በሰዓት ስንት ይሄዳል?"

"600 አካባቢ።"

እማዬ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲያማ 18 ደቂቃ ተኩል ነው። ሃያዋ ደቂቃ የት ገባች?" አለችኝ።

ያን ቀን የመለስኩላት ግማሹን ብቻ ነበር። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ብዙ ሰው እንደ እሷ ርቀቱን ለፍጥነቱ ያካፍልና የሚያገኘው ቁጥር ከትኬቱ ጋር አልገጥም ይለዋል። ስሌቱ ትክክል ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ 185 ኪሎ ሜትሩ ከየት መጣ? ይህን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይችላል። እያንዳንዱ ኤርፖርት በምድር ላይ የራሱ አድራሻ አለው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ። የባህር ዳሩ ኤርፖርት 11.61 ዲግሪ ሰሜን፣ 37.32 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። የላሊበላው 11.98 ሰሜን፣ 38.98 ምሥራቅ። ሲቀናነሱ ወደ ሰሜን 0.37 ዲግሪ፣ ወደ ምሥራቅ 1.66 ዲግሪ ልዩነት አላቸው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ደግሞ ወደ ዋልታ በተጠጉ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ በእኛ አካባቢ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እማዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣችና ሠራችው። ወደ ሰሜን 41 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 181። ከዚያ የቀረው የፓይታጎረስ ሥራ ነው። 41 በራሱ ሲባዛ 1,681። 181 በራሱ ሲባዛ 32,761። ድምሩ 34,442። ካሬ ሥሩ 185 ከምናምን። "ይኸው" አለች፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ። ምድር ክብ ስለሆነች እንዲህ ባለ ጠፍጣፋ ሒሳብ ረጅም ርቀት ማስላት አያስኬድም። ለ185 ኪሎ ሜትር ግን ስህተቱ ከቁጥር አይገባም።

በበረራ ሰዎች ቋንቋ ደግሞ ይህ ርቀት 100 ኖቲካል ማይል ነው ማለት ይቻላል። አንድ ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ነው። ቁጥሩ እንዲህ የሆነው ከምድር ልኬት ጋር ስለተያያዘ ነው፤ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ለስልሳ ሲካፈል አንዱ ክፍል አንድ ኖቲካል ማይል ይሆናል። መርከበኞች የጀመሩትን አብራሪዎች ወረሱት።

ይህ ርቀት ግን ወፍ የሚሄድበት መስመር ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው አያውቀውም። ከባህር ዳር ወደ ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ነፋስ መውጫ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ ሲባል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጋሸና ላሊበላ ያለው ብቻ ከ60 በላይ ነው። መንገዱ የሚጠማዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። መሀል ላይ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና ተራራ አለ።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ ባህር ዳር በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ግን ወደ 550 ይጠጋል። እዚያ መንገዱን የሚያስረዝመው የአባይ በረሃ ነው። ከባህር ዳር ጎንደር በቀጥታ 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና 180 ይጠጋል፤ ምክንያቱም ጣናን መዞር አለ። አንዱ ጋ ተራራ፣ አንዱ ጋ ገደል፣ አንዱ ጋ ሐይቅ። የሆነው ሆኖ የመኪናው መንገድ ከቀጥታው አንድ ከግማሽ እጥፍ በላይ ይሆናል። በደጋው አገራችን ውስጥ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለክቶ "ቅርብ ነው" ማለት ሰውን ማሳሳት ነው።

አሁን ወደ ሃያዋ ደቂቃ እንመለስ።

የጉዞው ቀን እማዬ የስልኳን የሰዓት መቁጠሪያ ከፍታ ተቀመጠች። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ አጠገቤ። ሞተሩ ተነሳ። ሁለቱ ፕሮፔለሮች መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ዓይን እስከማያያቸው ድረስ ዞሩ። ጎማው ንቅንቅ ሲል ተጫነችው።

መጀመሪያ የመጣው በረራ አይደለም። አውሮፕላኑ እንደ መኪና እየነዳ ወደ መንደርደሪያው ጫፍ ሄደ፤ ዞረ፤ ቆመ፤ ፈቃድ ጠበቀ። ጎማው መሬት ሲለቅ የእማዬ ስልክ 6 ደቂቃ ይላል። ገና አንድም ኪሎ ሜትር ወደ ላሊበላ አልቀረብንም።

የትኬቱ "መነሻ ሰዓት" ማለት ይህ ነው፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ የሚነቃነቅበት ሰዓት። "መድረሻ ሰዓት" ደግሞ ጎማው መሬት የነካበት አይደለም። ማቆሚያው ጋ ደርሶ ቀጥ ያለበት ነው። በዚህ መሀል ያለው ሁሉ ተቆጥሮ ነው 40 ደቂቃ የሚባለው።

ከዚያ መውጣት ተጀመረ። በግራ በኩል ጣና ሰፊ ሆኖ ታየ፤ ዳርቻው ላይ ጉም ተኝቷል። አውሮፕላን ሲወጣ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም፤ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ነው። የባህር ዳር ኤርፖርት ራሱ 1,820 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ 5,000 ሜትር አልፎ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም ጉና ከቀጥታው መስመር በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። በተራራማ አካባቢ ደግሞ በዓይን ሳይሆን በመሣሪያ እየተመራ የሚበር አውሮፕላን ከአቅራቢያው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 600 ሜትር ከፍ ብሎ መሄድ ግዴታው ነው። ይህ መውጣት 7 ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ የሄድነው 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ከፍታው ዝም ብሎ አይመረጥም። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ አውሮፕላን በሺህ ጫማ (አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው) ሲቆጠር ጎዶሎ ቁጥር ይይዛል፤ 17 ሺህ፣ 19 ሺህ። ወደ ምዕራብ የሚመለሰው ሙሉ ቁጥር ይይዛል፤ 18 ሺህ፣ 20 ሺህ። ከላሊበላ የሚመጣው አውሮፕላን ከእኛ ጋር በአንድ መስመር ቢገናኝ እንኳ በመካከላችን የአንድ ሺህ ጫማ ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ደስ አላት። "እንዲህ ነው እንጂ ሥራ" አለች።

ከዚያ አውሮፕላኑ ቀጥ አለ። በ600 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ነው። እማዬ ያሰላችው ፍጥነት ይኸው ነው። ግን ስንት ደቂቃ ቆየ መሰላችሁ? ስምንት ደቂቃ! በቀኝ መስኮት ጉና አለፈ፤ አስተናጋጇ ውሃ አድላ ሳትጨርስ መውረድ ተጀመረ።

መውረድ ከመውጣት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። አብራሪዎች አንድ ቀላል ሕግ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሺህ ጫማ ሦስት ኖቲካል ማይል። ከ17 ሺህ ጫማ ላይ ሆነን ላሊበላ ኤርፖርት 6,500 ጫማ ላይ ከሆነ፣ መውረድ ያለብን 10,500 ጫማ ነው። በሦስት ሲባዛ 31 ኖቲካል ማይል ከምናምን፤ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጉዞው አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው! እየወረዱ ፍጥነት መቀነስ አለ፤ ጎማ ማውጣት አለ፤ ከነፋሱ ፊት ለፊት ለማረፍ መዞር አለ። ይህ 11 ደቂቃ ወሰደ።

ድምሩን አብራችሁኝ ተከተሉ። አየር ላይ 7፣ 8 እና 11፤ በድምሩ 26 ደቂቃ። መነሻው ላይ መሬት ላይ 6፣ መድረሻው ላይ ደግሞ 3። የእማዬ ስልክ 35 ላይ ቆመ። ከትኬቱ 5 ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል። ያቺ 5 ደቂቃ ደግሞ የፕሮግራም አውጪዎች መጠባበቂያ ናት። ነፋስ ቢበረታ፣ ሌላ አውሮፕላን ቀድሞ ቢያርፍ፣ ትንሽ መጠበቅ ቢመጣ የምትበላ ናት።

እንግዲህ ሃያዋ ደቂቃ ተገኘች። ዘጠኙ መሬት ላይ ነው። ሰባት ተኩሉ በመውጣትና በመውረድ ቀርፋፋነት ነው። አምስቱ መጠባበቂያ ነው። የሁሉም ድምር 21 ደቂቃ ተኩል፤ በ18 ተኩሉ ላይ ሲጨመር 40።

የአጭር በረራ ጠባይ ይህ ነው። አብዛኛው ጊዜ መነሻና መድረሻው ላይ ያልቃል፤ መሀሉ ትንሽ ነው። ረጅም በረራ ላይ ግን መሀሉ ይሰፋል። ከአዲስ አበባ ባህር ዳር ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ውሰዱ። ከባህር ዳር ላሊበላ በ145 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ያቺ 145 ኪሎ ሜትር የምትሄደው ቀጥ ባለው በረራ ስለሆነ የምትጨምረው 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ቦሌ ሰፊና ሥራ የበዛበት ስለሆነ መሬት ላይ ትንሽ ይጨምሩና አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ርቀቱ ሊታጠፍ ምንም አልቀረውም፤ ጊዜው ግን በሃያ ምናምን ደቂቃ ብቻ ነው የረዘመው።

"ታዲያ ጄት ቢሆን አይፈጥንም?" ያላችሁኝ ብትኖሩ መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው 400 ባለ ፕሮፔለር ነው፤ እስከ 667 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሄድ ይችላል። ጄት 800 ቢሄድ በወረቀት ላይ 185 ኪሎ ሜትሩን በ14 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ከ600ው ጋር ልዩነቱ 4 ደቂቃ ተኩል ነው። በተግባር ግን ያቺም አትገኝም። 800 ላይ ሳይደርስ መውረድ ይጀምራላ! በዚያ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበር ጄት ነዳጅ ይጨርሳል። ለአጭር መንገድ ባለ ፕሮፔለሩን መምረጥ እኔ እንደሚገባኝ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ነፋስስ? ለላሊበላው መንገድ ብዙም አይገድም። ከኋላ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢገፋን በዚያች ስምንት ደቂቃ ውስጥ የምናተርፈው ግማሽ ደቂቃ ነው። በረጅም ጉዞ ግን ነፋስ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለ ማረፍ ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላት የተለመደ ነው። አንዱ ምክንያት ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ነው። ሌላው የቦሌ ከፍታ ነው።

ከፍታው ለእኛ ኤርፖርቶች ሁሉ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ላሊበላ 1,980። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። 2,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባህር ወለል አየር ጋር ሲነጻጸር ውፍረቱ 80 በመቶ ገደማ ነው። ክንፍ የሚይዘው አየር ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት 10 በመቶ ገደማ የበለጠ መፍጠን አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ይቀንሳል። ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጭነት መቀነስ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ይብሱን ይሳሳል። ጠዋት ጥሩ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በክረምት ደግሞ ከሰዓት ዝናቡና መብረቁ ይመጣል። ምርጫ ካላችሁ የጠዋቱን ቁረጡ።

አሁን ደግሞ የሚያስቆጭ ነገር። ባህር ዳርና ላሊበላን በቀጥታ የሚያገናኝ በረራ ሁልጊዜ አይገኝም። ድሮ አንዱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባህር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ እንደ አውቶብስ ያዳርስ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ይለዋወጣል። ቀጥታው ከሌለ በቦሌ ማለፍ ግድ ነው።

ካርታ ላይ ስለካው የገረመኝ ነገር አለ። ከቦሌ ባህር ዳርም ላሊበላም እኩል ይርቃሉ ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ሦስቱን በመስመር ብታያይዟቸው ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። በቀጥታ 185 የሆነው መንገድ በቦሌ ሲዞር 660 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ተኩል! ጊዜው ደግሞ ከዚያ ይከፋል፤ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ጥበቃ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት። ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ "ባህር ዳር ላሊበላ አለ?" ብቻ አትበሉ። "ቀጥታ ነው?" በሉ።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ሰዓት ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:30 ካለ ከጠዋቱ 1:30 ነው። 13:10 ካለ ከቀኑ 7:10 ነው። ስድስት መቀነስ ነው። አንድ ዘመዳችን "ሰባት ሰዓት ተኩል" ብሎ ሲያነበው ጊዜ ምሳውን በልቶ ተረጋግቶ ኤርፖርት ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ሠርግ ነበር የሚሄደው። ቀኑም እንደዚያው ነው፤ ታኅሣሥ 29 ትኬቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 7 ሆኖ ይወጣል። ትኬት እንደገባ ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሚሄደው ሰው ስጡት። በተለይ ለወላጆች።

ሦስተኛው ከቤት እስከ ቤት ያለው ጊዜ ነው። የእኛ በረራ ጎማው ከተነቃነቀ እስኪቆም 35 ደቂቃ ነበር። ግን ከቤት ስንወጣና ላሊበላ ማረፊያችን ስንገባ መሀሉ ከሦስት ሰዓት በላይ ነበር። ፍተሻው አለ፤ ሻንጣ ማስመዘን አለ፤ መጠበቅ አለ። ለላሊበላ ይህ ያዋጣል፤ በመኪና ሙሉ ቀን ነዋ። ከባህር ዳር ጎንደር ግን በአውሮፕላን ልሂድ ብትሉኝ አልመክርም። አየር ላይ ያለው ሩብ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ፍተሻውና ጥበቃው ሲደመር ግን የመኪናውን ሦስት ሰዓት ይደርስበታል። በዚህ ርቀት ላይ የጣናን ዳር ይዞ በመኪና መሄድ ይሻላል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ።

ላሊበላ ላይ ሌላም የማይጠበቅ ነገር አለ። ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ አይደለም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከታች ሜዳው ላይ ነው። ከተማው 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ገና 500 ሜትር ሽቅብ ትወጣላችሁ። መኪናው ዳገቱን እየዞረ ሲወጣ እማዬ በመስኮት በኩል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቃቸውን በትከሻቸው አንግተው የሚወጡትን ታያለች። ብዙዎቹ ቀናት የተጓዙ ናቸው።

"እኔ ከጋይንት አራት ቀን ነበር የፈጀብኝ" አለች።

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና ያቆመችውን ሰዓት አየችው። 35 ደቂቃ። ከዚያ ሹፌሩን "ልጄ፣ እስኪ እነዚያን እናት እንጫናቸው፤ ቦታ አለን" አለችው።